ክሎትሪማዞል፣ ተርቢናፊን ወይስ ባለ ሦስት ስሙ ክሬም? የጭርት መድኃኒት ከመግዛታችሁ በፊት

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ ደረጃ ላይ የሚያስቆሙኝ ጎረቤቶች ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «ለጭርት የቱን ክሬም ልግዛ?» የጤና ባለሙያ አይደለሁም። የልጄን ክንድ ይዤ ሁለት ወር ስንከራተት ስላዩኝ ነው የሚጠይቁኝ። እያንዳንዱን ሰው ቆሜ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

መልሴን ከወዲሁ ልናገር። ክሎትሪማዞል 1 ፐርሰንት ግዙ፤ ሌላ ምንም ያልተቀላቀለበትን። እዚህ ሰፈር ባለ 20 ግራሙን ለመጨረሻ ጊዜ የገዛሁት በ130 ብር ነው። ያንኑ ክሬም ከተማ ወርጄ ከነማ ፋርማሲ በ95 ብር አግኝቼዋለሁ፤ ግን ለአንድ ቲዩብ ብላችሁ ከዚህ ከተነሳችሁ የተረፈውን 35 ብር ታክሲ ይበላዋል። ሌላ ጉዳይ ሲኖራችሁ ብቻ አምጡ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ባለፈው ክረምት የ9 ዓመት ልጄ ክንድ ላይ ሳንቲም የሚያክል ክብ ነገር ወጣ። ዳሩ ቀላና ከፍ ያለ፣ መሃሉ የጠራ ነበር፤ ጭርት መሆኑን ያየው ሁሉ ያውቀዋል። ታክሲ መያዣው አጠገብ ካለ አንድ ፋርማሲ ገብቼ ክሎትሪማዞል ጠየቅኩ። ሻጩ «እሱ ይዘገያል እህቴ፣ ይሄ ይሻልሻል፤ በሁለት ቀን ነው የሚያጠፋው» ብሎ ሌላ ሰጠኝ። 190 ብር ከፈልኩ።

እንዳለውም በሁለት ቀን ማሳከኩ ጠፋ፣ ቅላቱም ከሰመ። ደስ ብሎኝ ለሁለት ጎረቤቶቼ «ይሄን ግዙ» አልኳቸው፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። መቀባቱን ባቆምኩ በሳምንቱ ጭርቱ ተመለሰ። ደግሜ ስቀባ ይጠፋል፣ ስተወው ይመለሳል። ሦስተኛው ቲዩብ ላይ ስንደርስ ክብ መሆኑ ቀርቶ ከክርኗ በላይ ተንሰራፋ፤ ዳሩ የማይለይ፣ ችፌ የሚመስል ነገር ሆነ። ቆዳዋም ከመሳሳቱ የተነሳ ሥሮቿ ከሥሩ ይታዩ ጀመር።

የቆዳ ሐኪም ጋ ወሰድኳት። ሐኪሟ ከዳርቻው ላይ ቅርፊቱን በምላጭ ቀስ አድርጋ ፈቀፈቀችና ትንሽ መስታወት ላይ አራገፈችው። አንድ ጠብታ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ አድርጋበት ጥቂት ቆየችና በማይክሮስኮፕ አየችው፤ ከዚያ እኔንም ጠርታ አሳየችኝ። የተበታተነ ፈትል የመሰሉ ቀጫጭን ክሮች ነበሩ። «ይሄውልሽ ፈንገሱ፤ አልሞተም። አንቺ የቀባሽው ነገር ደብቆ አቆይቶታል» አለችኝ። ከቦርሳዬ ያወጣሁትን ቲዩብ አዙራ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አነበበችልኝ፦ ክሎቤታሶል፣ ኒዮማይሲን፣ ሚኮናዞል።

ሚኮናዞል እውነተኛ የፈንገስ መድኃኒት ነው። ኒዮማይሲን የባክቴሪያ መድኃኒት ስለሆነ ፈንገስን አይነካም፤ እንዲያውም ራሱ ቆዳ የሚያስቆጣቸው ሰዎች አሉ። ክሎቤታሶል ደግሞ ከሚቀቡ ስቴሮይዶች ሁሉ እጅግ ኃይለኛ ከሚባሉት ወገን ነው። ቅላቱና ማሳከኩ ሰውነት ከፈንገሱ ጋር ሲታገል የሚመጣ ነው፤ ስቴሮይዱ ያንን ትግል ያፍነዋል። ላዩ የዳነ ይመስላል፣ ፈንገሱ ግን ከልካይ የለውምና ይሰፋል። በተለይ ብሽሽት፣ ብብትና ፊት ላይ ሲደጋገም ቆዳን አሳስቶ የማይጠፋ ሸንተረር ይተዋል። ከክሎቤታሶል ይልቅ ቤታሜታሶን ያለበትም ነገሩ ያው ነው። ስቴሮይድ ለአንዳንድ የቆዳ በሽታ መድኃኒት መሆኑን አልክድም፤ ለጭርት ብላችሁ ራሳችሁ የምትገዙት ግን አይደለም።

ሒሳቡን ተመልከቱ። ሦስት ቲዩብ 570 ብር፣ ካርድና ምርመራ 650፣ የሁለታችን ትራንስፖርት በሁለት ቀጠሮ 320፣ በመጨረሻም ሐኪሟ ያዘዘችልን ሁለት ክሎትሪማዞል 260። ድምሩ 1,800 ብር። መጀመሪያ የጠየቅኩትን ቢሰጠኝ በ130 ብር የሚያልቅ ነገር ነበር።

ስለዚህ ቲዩቡን እጃችሁ ላይ ሳታገላብጡ አትክፈሉ። የፊቱ ትልቅ ስም የንግድ ስም ነው፤ የመድኃኒቱ ስም ከሥሩ በትንሹ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። እዚያ ላይ አንድ ስም ብቻ ይኑር። ተጠንቀቁ፣ አንዳንድ ፋብሪካ ስቴሮይድ የሌለበትንና ያለበትን በተቀራረበ ቀለምና ስም ያወጣዋል፤ ልዩነቱ ከስሙ መጨረሻ የተጨመረች አንዲት ፊደል ብቻ ትሆናለች።

ተርቢናፊንን ላለመበደል የባለቤቴን ልንገራችሁ። ገላን አንድ ፋብሪካ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሴፍቲ ጫማ አድርጎ ነው የሚውለው፤ የእግሩ ጣቶች መሃል ነጭ ብሎ ይላጥ ነበር። ክሎትሪማዞል በቀን ሁለት ጊዜ ለአራት ሳምንት ይቀባል፤ እሱ ሁለቴ ጀምሮ ሁለቴ በስድስተኛው ቀን ተወው። ተርቢናፊን 1 ፐርሰንት ባለ 15 ግራሙን በ380 ብር ገዛሁለት። ለጣት መሃል በቀን አንዴ፣ ለአንድ ሳምንት ይበቃል፤ ጨረሰው፣ ዳነም። ምክንያቱ ተርቢናፊን የጭርትና የእግር ፈንገስን ይገድላል፤ ክሎትሪማዞል በአብዛኛው እንዳያድግ ይይዘውና ቆዳው ራሱ እስኪያራግፈው ጊዜ ይፈልጋል።

ታዲያ ለምን ክሎትሪማዞል እላለሁ? ዋጋውን በቲዩብ ሳይሆን በቀን አስሉት። ከጠቋሚ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ የተጨመቀ ክሬም ግማሽ ግራም ያህል ነው፤ ይህም ሁለት መዳፍ ከነጣቶቹ የሚያክል ቦታ ያዳርሳል። የአንድ መዳፍ ስፋት ላለው ጭርት በቀን ሁለቴ ለ28 ቀን ስትቀቡ 14 ግራም ትጨርሳላችሁ ማለት ነው። አንዱ የ130 ብር ቲዩብ ይበቃል፣ በቀን አምስት ብር አይሞላም። ለዚያው ቦታ ተርቢናፊን ስትገዙ 380 ብር ከፍላችሁ አብዛኛው ቲዩቡ ውስጥ ይቀራል። ሁለት መዳፍ የሚያክል ቦታ ከሆነ ግን ክሎትሪማዞሉ ሁለት ቲዩብ፣ 260 ብር ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ልዩነቱ 120 ብር ነው፣ እንደ ባለቤቴ ጀምሮ ለሚተው ሰው ይህ ብር አያስቆጭም። ደግሞም ተርቢናፊን ክሬም ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ ያለ ሐኪም አይሰጥም፤ እርጉዝና የምታጠባም ሳትጠይቅ አትቀባው። ጡት ሥር ለሚወጣው፣ ካንዲዳ ለሚባለው ሌላ የፈንገስ ዓይነትም ደካማ ነው። ክሎትሪማዞል ካንዲዳውንም፣ ጭርቱንም፣ ቋቁቻውንም ይይዛል። ባለ አንድ ስም ሚኮናዞል 2 ፐርሰንት ካገኛችሁም ከእሱ እኩል ነው፤ ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይንካው።

ዊትፊልድ ቅባትን የሚጠይቁኝ አባቶች አሉ። 6 ፐርሰንት ቤንዞይክ አሲድና 3 ፐርሰንት ሳሊሲሊክ አሲድ ነው፤ ሁለት ስም ቢኖረውም ስቴሮይድ የለበትም። በ70 ብር ይገኛል። ውስጥ እግሩ ለደነደነና ለተሰነጣጠቀ ሰው ጥሩ ነው፣ ድድሩን ይልጠዋል። ፊት፣ ብሽሽትና ቁስል ላይ ግን ያቃጥላል፤ ለልጅም አልመርጠውም።

ኒስታቲን የፈንገስ መድኃኒት ተብሎ ከተሰጣችሁ መልሱት። ለካንዲዳ እንጂ ለጭርት አይሠራም።

ቋቁቻ ጀርባችሁን በሙሉ ከያዘው በክሬም አትክሰሩ። ኬቶኮናዞል 2 ፐርሰንት ሻምፖ ቀብታችሁ አምስት ደቂቃ አቆይታችሁ ታጠቡት፤ በቀን አንዴ፣ እስከ አምስት ቀን። የነጣው ቦታ ግን ፈንገሱ ከሞተም በኋላ ወደ ቀለሙ ለመመለስ ወራት ይወስዳል። ይህን ያልነገሩት ሰው አልሠራም ብሎ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ ሲገዛ ይከርማል።

ስለ ሐሰተኛውና ስለ አሮጌው ደግሞ። የባች ቁጥሩና ጊዜው የሚያበቃበት ቀን የሚታተመው ቲዩቡ የታሸገበት የኋላ ጠርዝ ላይ ነው፤ ቲዩቡን መብራት ሥር ዘንበል አድርጋችሁ እዩት። ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። አንዲት ጎረቤቴ 2024 የሚለውን አይታ «ገና ብዙ ዓመት አለው» ብላ ገዝታ መጥታ ነበር፤ በእኛ 2016 ወይም 2017 መሆኑ ነው። ጠርዙ ላይ ምንም ካልተጻፈ ወይም ከክዳኑ ሥር ያለው ሽፋን ቀድሞ ከተበሳ አትግዙ። ቤት ስትከፍቱት ዘይትና ውሃው ተለያይቶ ቢወጣ አትቀቡት። ገበያ ላይ ከሳሙናና ከባትሪ ጋር ተዘርግቶ ፀሐይ ሲመታው የዋለውን በ60 ብርም ቢሆን እለፉት። የተጠራጠራችሁትን ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ8482 ደውላችሁ ንገሩ፤ ነፃ ነው።

አቀባቡ ላይ ሰው የሚሳሳተው ሁለት ቦታ ነው። ቦታውን አጥባችሁ ሙልጭ አድርጋችሁ አድርቁት፣ ከዚያ ስስ አድርጋችሁ ከዳሩ ሁለት ሴንቲሜትር ያህል አሳልፋችሁ ቀቡ፤ ፈንገሱ ያለው ጤነኛ የሚመስለው ጫፍ ላይ ነውና። ሁለተኛው ማቆም ነው። ማሳከኩ በአምስተኛው ቀን ቢተዋችሁም ክሎትሪማዞልን ቆዳው ከጠራ በኋላ ሁለት ሳምንት ጨምሩበት። እጃችሁን ታጠቡ፤ ዓይንና አፍ አታስነኩ፤ ካቃጠለና ውሃ ከቋጠረ አቁሙ። ፎጣና ካልሲ አትዋዋሱ፣ በሙቅ ውሃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይዋል። ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ ማሰር ይቅር፤ ቆዳን እንደ እሳት ያቃጥላል።

ክሬም ጨርሶ የማይገዛበትም አለ። ቆረቆር፣ ማለትም የልጆች ራስ ላይ ፀጉር እየነቀለ የሚወጣው፣ ፈንገሱ የፀጉሩ ሥር ስለሚገባ በሐኪም የታዘዘ የሚዋጥ መድኃኒት እንጂ ቅባት አያድነውም። የነጣ ወይም የቀላ ቦታ በጥጥ ስትነኩት የማይሰማ ከሆነ ጭርትም ቋቁቻም ላይሆን ይችላል፤ የሥጋ ደዌ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ወይም አለርት ሆስፒታል ሂዱ፤ በጊዜው ከተደረሰበት በመድኃኒት ይድናል።

የልጄ ክንድ በአራተኛው ሳምንት ጠራ፣ ሁለት ሳምንት ጨመርንበት። ከወር በኋላ ግን ሌላ ክብ አንገቷ ላይ ወጣ። ወተት የምንገዛበት ግቢ ውስጥ የምታቅፋት ጥጃ ዓይኗ ዙሪያ ግራጫ ቅርፊት እንዳለባት ያየሁት ያኔ ነው። ባለቤቷን ለምኜ በእንስሳት ሐኪም አሳከማት። እስክትድን ልጄ በሩ ላይ ቆማ እየጠበቀችኝ ጣሳውን ብቻዬን ገብቼ አስሞላሁ፤ አንገቷንም ከዚያው ከ20 ግራሙ ቲዩብ በተረፈው አዳንኩት።