ካምቢዮዬን ሳይፈታ ነዳጄን ላዳነልኝ መካኒክ

ይህን ሰው ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ነው። ሙያው ኦቶማቲክ ካምቢዮ ነው። ስሙን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለለመነኝ ለፈለገ በውስጥ መስመር እሰጣለሁ።

መኪናዋ ባለ 6 ማርሽ ኦቶማቲክ ናት። በረጅም መንገድ በሊትር 12 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ኖራ ወደ 10 ወረደች። አንዱ ጋራዥ ካንዴላ ቀየረ። ሌላው ስካነር ሰክቶ «የብልሽት ኮድ ከሌለ ችግር የለም» ብሎ ነቀለው። ሦስተኛው ይባስ! ሞተሩን አጥፍቶ የካምቢዮውን የዘይት መለኪያ ቡሎን ፈታና የወረደውን ዘይት «ትርፍ ነው» ብሎ ደፋው። ከዚያ ማርሽ ሲገባ መዘግየት ስትጀምር ደግሞ «ካምቢዮው አብቅቶለታል፣ ይቀየር» አለ።

የእኔ ሰው መጀመሪያ ነዳት። ባዶና ቀጥ ያለ መንገድ ላይ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲይዛት የሞተሩ ዙር መለኪያ መርፌ 2,700 ላይ ነው፤ በ6ኛ ማርሽ 2,000 አካባቢ መሆን ነበረበት። ነዳጁን ሳይለቅ በግራ እግሩ ፍሬኑን ነካ አደረገ፣ መብራቱ እስኪበራ ያህል ብቻ። መርፌው ንቅንቅ አላለም። «አየህ፣ ሎክአፑ አልያዘም፤ ስላልያዘ የሚለቀውም የለው» አለኝ።

ሎክአፕ ቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል በዘይት አማካይነት ወደ ካምቢዮ በሚያስተላልፈው ክፍል ውስጥ፣ ያለው ፍሪሲዮን ነው፤ ሲይዝ ሞተሩንና ካምቢዮውን በቀጥታ ያገናኛል፣ ፍሬን ሲነካ ይለቃል። ካልያዘ ኃይሉ በዘይት በኩል ብቻ ያልፋል፣ ይንሸራተታል፣ የተንሸራተተው ሁሉ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ማርሽ መብዛቱ ነዳጅ የሚቆጥበውም ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ጫን ብሎት እንዲሠራ ስለሚያደርግ ነው፤ 6ኛው የማይገባ ከሆነ ትርፉ ክብደት ብቻ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ቀዝቅዛ ካደረች በኋላ አስነስቶ የራዲያተሩን የላይኛውን ቱቦ አስያዘኝ። በ2 ደቂቃ ለብ አለ። ቴርሞስታቱ፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚዘጋው ቫልቭ፣ ደህና ቢሆን ኖሮ ቱቦው ሞተሩ እስኪሞቅ ቀዝቅዞ ይቆይና ድንገት ይግል ነበር። ከግማሽ ሰዓት ጉዞ በኋላም ስካነሩ ላይ የኮዱን ገጽ ትቶ የውሃውን ሙቀት አሳየኝ፦ 68 ዲግሪ። መሆን ያለበት 90 አካባቢ ነው። ቴርሞስታቱ ክፍት ሆኖ ቀርቷል! ኮምፒውተሩ ሞተሩ ገና አልሞቀም ብሎ 6ኛውንም ሎክአፑንም ይከለክላል፣ በላዩም ነዳጅ ይጨምራል።

ቴርሞስታቱን ከነጋስኬቱ ቀየረ፣ ውሃውን ሞልቶ አየሩን አስወጣ። አሁን ሙሉ የካምቢዮ ዘይት ሊሸጥልኝ ይችል ነበር፤ እኔም ልከፍል ተዘጋጅቼ ነበር። ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ አድርጎ አሸተተና «ቀለሙ ቀይ ነው፣ የተቃጠለ ሽታ የለውም። የጎደለውን ብቻ እንሙላ» አለ። ሜዳ ላይ አቁሞ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ፍሬን ይዞ ማርሹን በየቦታው ጥቂት ሰከንድ እያቆየ ወደ ፒ (ፓርክ) መለሰው። ዘይቱ 40 ዲግሪ ሲጠጋ ቡሎኑን ፈታ። ምንም አልወረደም። ቀጭን ጅረት ሆኖ እስኪወጣ ጨመረ፣ ወደ ጠብታ ሲቀየር ዘጋው። ሞተር ሲጠፋ የኮንቨርተሩ ዘይት ወደ ታች ስለሚመለስ ነው ያ ሦስተኛው ሰውዬ ደህናውን ዘይት የደፋው።

አሁን በ100 ላይ 2,000 ነው። ፍሬኑ ሲነካ መርፌው 200 ያህል ዘሎ ይመለሳል። በሊትርም 12 ገብታለች።

እጁ ይባረክ! ነዳጅ የጨመረባችሁ፣ ካምቢዮ ቀይሩ የተባላችሁ፣ እባካችሁ ከመክፈላችሁ በፊት እሱ ጋ ሂዱ። ግን መኪናዋን ማታ አሳድሩለት፤ ቱቦውን ሳይሞቅ መንካት ይፈልጋል።