ቫይታሚን ሲ፣ ዲ ወይስ ዚንክ? ደብረ ብርሃን ላይ ለሚሮጥ ሰው

ኅዳር ውስጥ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ደብረ ብርሃን ዳር የሮጠ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ሣሩ በውርጭ ነጥቷል። በአፍ የሚገባው አየር ጉሮሮ ይልጣል። ረጅሙን ሩጫ በጨረስን በሁለተኛው ቀን ደግሞ ንፍጥና ሳል ይከተላል። ጥፋቱ የብርዱ ብቻ አይደለም። በ1987 እ.ኤ.አ. የሎስ አንጀለስን ማራቶን ከሮጡት መካከል 12.9 በመቶው በቀጣዩ ሳምንት ታመዋል። እንደነሱ ተዘጋጅተው ሳይሮጡ ከቀሩት ግን የታመሙት 2.2 በመቶ ነበሩ።

ታዲያ ይህን ጉንፋን ለመቋቋም ፋርማሲ ገብተን ከቫይታሚን ሲ፣ ከቫይታሚን ዲና ከዚንክ የትኛውን እንግዛ? መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ውድድር ከፊታችሁ ካለ ሲ ግዙ። ፀሐይ የማያገኛችሁ ከሆነ ዲ። ዚንክ ጉንፋን የጀመረበት የመጀመሪያው ቀን መድኃኒት ነው።

ሲ ውሃ ውስጥ ሲጣል የሚንተከተከው፣ በቱቦ የሚሸጠው ኪኒን ነው። ለአብዛኛው ሰው ጉንፋንን አይከላከልም። ለእኛ ግን ይለያል። በማራቶን ሯጮች፣ በበረዶ ሸርታቴ ስፖርተኞችና በብርድ በሚሠለጥኑ ወታደሮች ላይ የተሠሩ 5 ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ (598 ሰዎች ነበሩ) ሲ በወሰዱት ላይ ጉንፋን በግማሽ ቀንሷል። መጠኑ በቀን ከ250 ሚሊግራም እስከ 1 ግራም ነበር። ስለዚህ ሁለት ሦስት ኪኒን መደራረብ አያስፈልግም። ከ2 ግራም በላይ ሆድ ያስቀምጣል፤ በውድድር ማለዳ ተቅማጥ ማለት የወራት ልፋት ከንቱ ሆነ ማለት ነው። ጉንፋኑ ከያዘ በኋላ መጀመርም እምብዛም አይረዳም፤ አስቀድሞ ነው መጀመር። ብር ካጠረ ደግሞ ከሽሮው ጎን ሁለት ጥሬ ቃሪያ ብሉ። ከ100 ሚሊግራም በላይ ሲ አላቸው። ከቆላው የሚመጣው ፓፓያም ጥሩ ነው።

ቫይታሚን ዲን ብዙ ሰው ይንቀዋል። «ፀሐይ ባለበት አገር ምን ያደርግልኛል?» ይላል። እስቲ ቀናችሁን ቁጠሩት። ፀሐይ ሳትወጣ በቱታና በኮፍያ ተጠቅልለን እንሮጣለን። ከዚያ እስከ ማታ ቢሮ ወይም ሱቅ ውስጥ ነን። ቆዳ ቫይታሚን ዲ የሚሠራው ፀሐይዋ ከፍ ስትል ነው፤ ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። በ2017 እ.ኤ.አ. የ25 ጥናቶች ውጤት ተደምሮ ሲታይ በተለይ ቫይታሚን ዲ በጣም ያነሳቸው ሰዎች ላይ ጉንፋንና መሰል የመተንፈሻ አካል ሕመም ቀንሷል፤ እሱም በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ ሲወስዱ እንጂ አንድ ጊዜ በብዛት ሲወስዱ አይደለም። በኋላ የመጡ ጥናቶች ሲጨመሩ ጥቅሙ አንሷል። ስለዚህ መጀመሪያ ደማችሁን አስመርመሩ። ካነሰ በየቀኑ የሚወሰደውን ግዙ፤ ሐኪም ካላዘዘ በቀን ከ4,000 ዩኒት አትለፉ።

ዚንክ ላይ የምንሸወደው ዓይነቱን ባለመለየት ነው። ፋርማሲ በብዛት የሚገኘው 20 ሚሊግራሙ ለሕፃናት ተቅማጥ የሚታዘዘው ነው። ለጉንፋን የተሞከረው ግን አፍ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚመጠጠው ነው። ጉሮሮ መከርከር በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ሕመሙን ሊያሳጥር ይችላል። የብረት ጣዕም አለው፣ ያቅለሸልሻልም። ከጥቂት ቀን በላይ አትውሰዱት፤ ሲቆይ መዳብን ከሰውነት ያሳንሳል።

ፕሮባዮቲክስ (እንደ እርጎ ጠቃሚ ባክቴሪያ ያለበት ኪኒን)? ጥቂት ይረዳል፤ ግን ውድ ነው። እኔ እርጎዬን እጠጣለሁ። በሁዳዴ ግን እርጎም ሥጋም እንቁላልም የለም። ያኔ ባዶ ሆድ ረጅም ሩጫ የባሰ ያደክማል፤ ጾሙ እስኪፈታ ቀለል አድርጋችሁ ሩጡ፣ ረጅሙንም ከምግብ በኋላ አድርጉት።

«በሽታ መከላከያ ያጠነክራል» ተብሎ የሚሸጠውን ድብልቅ ዱቄት አልመክርም። በተለይ የምትወዳደሩ ልጆች ስሙኝ። መለያው ላይ ያልተጻፈ በስፖርት የተከለከለ አበረታች ነገር ቢገኝበት ተጠያቂው ሻጩ ሳይሆን እናንተ ናችሁ። አንድ ንጥረ ነገር ብቻ ያለበትን፣ መጠኑ በሚሊግራም የተጻፈበትን፣ ማሸጊያው ያልተነካውን ግዙ፤ ቱቦውንም ሳትጥሉ አስቀምጡት።