ማብሪያ ማጥፊያ የሌለው የብርቱካን መጭመቂያ፦ ከወራት በኋላ

አክስቴ ከፍራንክፈርት ስትመጣ ቤቷ ስትጠቀምበት የኖረችውን፣ ብራውን የተባለው የጀርመን ኩባንያ የሠራውን ሲትሮማቲክ ይዛልኝ መጣች። ነጭ፣ ክብ፣ ጌጥ የሚባል ነገር የሌለው የብርቱካን መጭመቂያ ነው። ከክረምት ጀምሮ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ባለችው ጠባብ ኩሽናችን እየሠራ ነው። የጀርመን ሶኬት እኛም ቤት ስለሚገባ አስማሚ አላስፈለገኝም።

ሰው ሲያየው መጀመሪያ የሚፈልገው ማብሪያውን ነው። የለውም። ግማሹን ብርቱካን ሾጣጣው ላይ አድርጋችሁ ጫን ስትሉት ሞተሩ ይነሳል፤ ስትለቁት ይቆማል። ለመጭመቅ መጫናችሁ ላይቀር ሌላ ቁልፍ ምን ያደርጋል? ጎረቤታችን እማማ አንድ ቀን «ልጄ፣ ማብሪያው ወዴት ነው?» አሉኝ። «የለውም እማማ፤ ዝም ብለው ጫን ያድርጉት» አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ጠይቀውኝ አያውቁም። ራሳቸው ጨምቀው ለልጅ ልጃቸው ይወስዳሉ።

አፉንም በጣም ነው የምወደው። ወደ ታች ሲሆን ጭማቂው ይወርዳል፣ ቀና ሲል ይቆማል። ብርጭቆው ሲሞላ በአንድ ጣት ቀና ታደርጉትና ሌላ ታስጠጋላችሁ። ክፍት ይሁን ዝግ ከሩቅ ይታያል።

ይህ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1972 የነደፉት ዲተር ራምስ እና ዩርገን ግሮይበል ናቸው። ራምስ ከ1961 እስከ 1995 የብራውንን የዲዛይን ክፍል መርቷል። እምነቱ ግልጽ ነው፦ የዕቃ ቅርጽ ከሥራው ይምጣ፣ ለሥራው የማይጠቅም ይቅር፣ አጠቃቀሙም ከዕቃው ከራሱ ይታወቅ። ጀበናን አስቧት፤ ሆዷም አንገቷም ለቡናው ሲባል ነው እንደዚያ የሆኑት።

እኔ ይህ ነገር በደንብ የገባኝ ሳጥበው ነው። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፤ ከጀሪካን እየቀዱ ለሚያጥቡ ሰዎች የዕቃ ስርጉድ ሁሉ ዕዳ ነው። የዚህ ክዳኑ፣ ሾጣጣው፣ ወንፊቱ፣ ጭማቂ መቀበያው ተራ በተራ ብድግ ይላሉ። ብሎን የለ፣ መፍቻ የለ። አንድ ጆግ ውሃ ይበቃል። ወንፊቱ ላይ የቀረው የብርቱካን ሥጋ ከደረቀ ግን አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ወዲያው እጠቡት። በፊት የነበረን መጭመቂያ ወርቃማ ቀለበትና ብዙ ቁልፍ ነበረው። በበጋ የኮዬ አቧራ በየቁልፉ ሥር ገብቶ ከጭማቂው ጋር ይጣበቅ ነበር። ይሄኛው አካሉ ልሙጥ ስለሆነ አንዴ በእርጥብ ጨርቅ ካለፋችሁበት አለቀ።

ለሎሚ ብላችሁ ግን አትግዙት። የኛ ሎሚ ትንንሽ ነው፤ ሾጣጣው ደግሞ ለብርቱካን የተለካ ነው። ለሰላጣ የምፈልገውን በእጄ እጨምቃለሁ። መለዋወጫም ያሳስበኛል። መርካቶ የጠየቅኳቸው ሱቆች ሾጣጣውን ለብቻው አይሸጡም።

ማንጎና አቮካዶ ለሚወድ፣ ስፕሪስ ለሚጠጣ ቤት ይህ አይሆንም፤ ብሌንደር ይሻላል። ብርቱካን ለሚጨምቅ ቤት ግን፣ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ አሮጌውንም ቢሆን አስመጡ። ስትረከቡ ወንፊቱና ሾጣጣው አብረው መኖራቸውን እዩ።