ኦሜፕራዞል 20 ሚሊ ግራም፦ ለቃር ጥሩ መድኃኒት፣ ሲያቃጥል ብቻ ለሚውጠው ግን ከንቱ

ቃር አስቸግሮት መድኃኒት ቤት የገባ ሰው ብዙ ጊዜ ኦሜፕራዞል ይዞ ይወጣል። ከሁለት ሳምንት በኋላም «ፍሬውን ጨረስኩት፣ ምንም አላደረገልኝም» የሚለው ቅሬታ ይከተላል። መድኃኒቱ ግን ደካማ አይደለም፤ አሲድን በመቀነስ ረገድ ከዚህ ቀደም የነበሩትን በሙሉ አስከንድቷል። ብዙውን ጊዜ የሚያከሽፈው አወሳሰዱ ነው።

ካፕሱሉን ከፍቶ ላየ ሰው ውስጡ ዱቄት የለም። የጤፍ ፍሬ የሚያህሉ ነጫጭ ድብልብሎች ይፈስሳሉ። እያንዳንዷ ድብልብል ሽፋን አላት፤ ምክንያቱም ኦሜፕራዞል አሲድን ይቀንሳል እንጂ ራሱ አሲድ ሲነካው ይበላሻል። ሽፋኑ ጨጓራን አልፎ ትንሹ አንጀት ላይ ይሟሟል፣ መድኃኒቱ ወደ ደም ይገባል፣ በደም ዞሮ የጨጓራ ግድግዳ ላይ ይደርስና አሲድ የሚረጩትን ፓምፖች ይቆልፋል። የሚቆልፈው ግን በሥራ ላይ ያሉትን ብቻ ነው፤ እነሱን የሚቀሰቅሳቸው ደግሞ ምግብ ነው።

ስለዚህ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በባዶ ሆድ በውኃ ይዋጣል፣ ቁርስ ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ይበላል። ቁርስ መዝለል አይቻልም። ጠግቦ በልቶ ወይም ወደ መኝታ ሲሄድ የሚውጠው ሰው ከጥቅሙ ከፊሉን አባከነ ማለት ነው፤ መድኃኒቱ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከደም ይጠፋል፣ ያላገኘው ፓምፕ ሥራውን ይቀጥላል። የተቆለፈው ግን ተመልሶ አይከፈትም፣ ሰውነት በምትኩ አዲስ መሥራት አለበት፤ በቀን አንዴ የሚበቃውም ለዚህ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ፓምፕ ስለማይያዝ ሙሉ ውጤቱ እስኪታይ ከ1 እስከ 4 ቀን ይፈጃል። አንድ ፍሬ ውጦ መፍረድ ልክ አይደለም።

የሚጾም ሰው እዚህ ላይ ይቸገራል። በረመዳን በማፍጠሪያ ሰዓት ካፕሱሉን በውኃ ወስዶ መስገድ፣ ዋናውን ማዕድ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መቅረብ ይሠራል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ኦርቶዶክስም እንዲሁ፦ ካፕሱሉ 9 ሰዓት ላይ፣ እንጀራው 9 ተኩል ላይ።

ሲገዙ ፍሬው በፋብሪካ እሽጉ ውስጥ እንዳለ ቢሆን ይሻላል። ከትልቅ ማሰሮ ተቆጥሮ በወረቀት የሚጠቀለለው እርጥበት ያገኘዋል። ድብልብሎቹ ወደ ቡናማ ወይም ወይን ጠጅ ቀለም ካደሉ መድኃኒቱ ተበላሽቷል። መዋጥ ያቃተው ሰው ካፕሱሉን ከፍቶ በጥቂት የብርቱካን ወይም የአፕል ጭማቂ ላይ በትኖ ሳያኝክ ወዲያው ይጠጣዋል። ወተት ላይ አይበተንም፤ አሲድ በሌለበት ሽፋኑ ቀድሞ ይለቃል።

አሁኑኑ ለሚያቃጥለው ሰው የሚሆነው አንታሲድ ነው። ማግኒዥየምና አሉሚኒየም ያለበት የሚታኘክ ክኒን ወይም የሚጠጣ ፈሳሽ በደቂቃዎች ያበርዳል። ክኒኑ ዱቄት እስኪሆን ይታኘካል፣ ጠርሙሱ በደንብ ይናጣል። በባዶ ሆድ ከተወሰደ አንድ ሰዓት እንኳ ላይቆይ ይችላል፤ ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ ሲሆን ግን እስከ ሦስት ሰዓት ይዘልቃል። ማግኒዥየሙ ያስቀምጣል፣ አሉሚኒየሙ ያደርቃል፤ ሁለቱ አብረው የተቀመሙት ለዚህ ነው። እንደ ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዶክሲሳይክሊን ያሉ አንቲባዮቲኮችን ወይም የብረት ክኒን የሚወስድ ሰው በሰዓታት ያራርቃቸው፣ አለበለዚያ መድኃኒቶቹ ሳይሠሩ ይወጣሉ። የኩላሊት ሕመምተኛ ያለ ሐኪም አይንካው።

ፋሞቲዲን የሚባለው ሌላው አሲድ ቀናሽ በኦሜፕራዞልና በአንታሲድ መሐል ነው፦ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጀምራል፣ ለ12 ሰዓታት ያህል ይቆያል፣ በየቀኑ ሲወሰድ ግን ሰውነት ይለምደዋል። ራኒቲዲን የተባለው የቆየ የቃር መድኃኒት ከመሳቢያ ከተገኘ ይጣል፤ ካንሰር ሊያመጣ የሚችል ኬሚካል ስለተገኘበት በ2020 የአሜሪካ ተቆጣጣሪ ከገበያ እንዲወጣ ጠይቋል። ወተት ለጊዜው ያበርድና ቆይቶ አሲዱን ራሱ ይቀሰቅሰዋል። ቤኪንግ ሶዳ ደም ግፊት ላለበት ጨው መጨመር ነው።

ኦሜፕራዞል የማያደርገውም አለ። በምግብ ቧንቧና በጨጓራ መሐል ያለውን ልል በር አያጠብቅም። ፈሳሹ ወደ ላይ መመለሱን ይቀጥላል፣ ማቃጠሉ ብቻ ይቀንሳል። ማታ ውኃ አፉ ድረስ የሚመጣበት ሰው ከራስጌ በኩል ያሉትን የአልጋ እግሮች ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያድርግ፤ ሁለት ጠንካራ እንጨት ይበቃል። ትራስ መደራረብ ግን ወገብን አጥፎ ሆድን ይጫናል፣ ያባብሰዋል። እራት ከመኝታ ሦስት ሰዓት ቀድሞ፣ በግራ ጎን መተኛት።

የተለመደው ሕክምና ከ4 እስከ 8 ሳምንት ነው። ለወራት ከተወሰደ በኋላ በድንገት ሲቆም አሲዱ ከቀድሞው በርትቶ ይመለሳል፤ ብዙ ሰው ይህን «በሽታው አገረሸብኝ» ብሎ ተርጉሞ ዓመታት ይውጠዋል። በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ቀንሶ ማቆም ያዋጣል፣ ምክንያቱም ረጅም ጊዜ ሲወሰድ ማግኒዥየምና ቫይታሚን ቢ12 ሊያሳጣ ይችላል። ለልብ ክሎፒዶግሬል (ደም እንዳይረጋ የሚከላከል መድኃኒት) የሚወስድ ሰው ሌላ አማራጭ ይጠይቅ።

የጨጓራ ባክቴሪያ ምርመራን በተመለከተ፣ ኦሜፕራዞል እየወሰዱ ሰገራ መስጠት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ባክቴሪያው እያለ «የለም» ሊል ይችላል። ሁለት ሳምንት ቀድሞ ማቆም ያስፈልጋል። የደም ምርመራው ደግሞ ባክቴሪያው ከጠፋም በኋላ «አለ» ማለቱን ይቀጥላል። ባክቴሪያውን ማጥፋትም ብቻውን ቃርን አያቆምም።

ምግብ ጉሮሮ ላይ የሚቀርበት፣ ሳያስብ የሚከሳ፣ ደም የሚያስመልሰው ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰው ካፕሱል ሳይሆን ኢንዶስኮፒ (ጨጓራን በካሜራ የሚያይ ምርመራ) ነው የሚያስፈልገው። ደረት ተጨንቆ ላብ ካጠመቀና ሕመሙ ወደ ግራ ክንድ ወይም መንጋጋ ከሄደ ቃር ነው ብሎ መጠበቅ የለም፤ ድንገተኛ ክፍል ነው።