ደሴ ላይ የወሰድኩት የአልትራሳውንድ ስልጠና
ለሙያ ፈቃድ እድሳት ብዬ ነው ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የወጣሁት። ሁለት ቀን ነው። የመጀመሪያው ጠዋት ስላይድ ብቻ፣ በጣም ረዘመ። ከሰዓት ግን ፕሮቡን፣ ማለትም ሰውነት ላይ የሚደረገውን የማሽኑን እጀታ፣ አስያዙን። አሰልጣኟ እጄን ይዛ «አትጫነው፣ ቀስ ብለህ አዘንብለው» አለችኝና ለልምምድ የተኛልን፣ ቁርስ ሳይበላ የመጣው ልጅ የሐሞት ከረጢት ጥርት ብሎ ወጣ። ደስ ሲል! ለሆድ ከ2 እስከ 5 ሜጋኸርዝ የሚሠራውን ኮንቬክስ (ፊቱ ጎበጥ ያለ ፕሮብ)፣ ለታይሮይድ ደግሞ የድምፅ ሞገዱ ድግግሞሽ ከፍ ያለውን ሊኒየር (ፊቱ ቀጥ ያለ ፕሮብ) ለምን እንደምንመርጥ፣ ጥልቀት ስንፈልግ የምስል ጥራት እንደሚቀንስ፣ እዚያው ስክሪኑ ላይ አሳየችን። አንድ ማሽን ለስምንት ሰው ግን አይበቃም፤ ተራ ስንጠብቅ ነው የዋልነው። ጄሉም በረዶ ነው፣ በደሴ ብርድ ላይ ተጨምሮ የተኛው ልጅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሞቅ ቢያደርጉት ምን አለበት? ለዶፕለሩ (የደም ፍሰት ለሚታይበት አልትራሳውንድ) ዙር ግን ተመዝግቤያለሁ።