ለረጅም በረራ የሚሆን የሕፃን ታብሌት፦ የሦስት ምርጫዎች ግምገማ

ገና አፉን እየፈታ ላለ ሕፃን ታብሌት መምረጥ ለአዋቂ ከመምረጥ ፈጽሞ የተለየ ነው። ማስታወቂያውም ሆነ ሻጩ አጥብቆ የሚነግረን ስለ ፕሮሰሰር ፍጥነት፣ ስለ ካሜራና ስለ ስክሪን ጥራት ነው፤ ኢንተርኔት በሌለበት አውሮፕላን ውስጥ፣ ጠባብ ወንበር ላይ፣ የሁለት ዓመት ልጅ ታቅፎ ለሰዓታት ለሚቀመጥ ወላጅ ግን ከእነዚህ አንዱም እምብዛም አይፈይድለትም። ለእርሱ የሚጠቅመው ታብሌቱ ያለ ኔትወርክ የሚያጫውተውን ነገር በብዛት መያዙ፣ በትንንሽ እጆች ሲያዝ አለመንሸራተቱ፣ ሲወድቅ አለመሰበሩ፣ እንዲሁም ሕፃኑ በነካካው ቁጥር ከፊልሙ እንዳይወጣ መቆለፍ መቻሉ ነው። ሦስት የታወቁ ታብሌቶችን፣ ማለትም የሳምሰንግን ጋላክሲ ታብ ኤ9፣ የአማዞንን ፋየር ኤችዲ 8 ኪድስና የአፕልን አይፓድ ሚኒ፣ በዚሁ መስፈርት አይቻቸዋለሁ።

ሦስቱንም የመረጥኳቸው በመጠናቸው ነው። ለዚህ ጉዳይ ከ8 እስከ 9 ኢንች ያለው ስፋት ይበቃል ብዬ አምናለሁ። የ10 እና የ11 ኢንች ታብሌት ቤት ውስጥ ቢያምርም፣ የወንበር ማጠፊያ ጠረጴዛ ላይ ሲቆም ለምግቡ ትሪ ቦታ አይተርፍም፤ ፊት ለፊት የተቀመጠው መንገደኛ ወንበሩን ወደ ኋላ ሲለቅ ደግሞ ጨርሶ የሚቆምበት አይኖርም። ክብደቱም ቀላል ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው 10.9 ኢንች አይፓድ ያለ ከቨር 477 ግራም ይመዝናል፤ ታብ ኤ9 332 ግራም ሲሆን አይፓድ ሚኒ ከ300 ግራም በታች ነው። ሕፃን በጀርባው ተንጋሎ ሲያይ ታብሌቱ ከእጁ አምልጦ ፊቱ ላይ ሊያርፍ ስለሚችል፣ ይህ ልዩነት በወረቀት ላይ ከሚታየው በላይ ትርጉም አለው።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ሌላ ነገር የስክሪኑ ዙሪያ ጥቁር ጠርዝ ነው። ሕፃን ታብሌትን እንደ አዋቂ ከጀርባው ደግፎ አይይዝም፤ ግራና ቀኙን በሁለት እጁ ጨብጦ አውራ ጣቶቹን ወደ ውስጥ ያስገባል። ጠርዙ ቀጭን ከሆነ ጣቱ ስክሪኑን ይነካና ፊልሙ ይቆማል። ሕፃኑ ለምን እንደቆመ ስለማይገባው ይበልጥ ይጫናል፤ ሌላ መስኮት ይከፈታል፤ ከዚያ ለቅሶ ይከተላል። ወላጁ አስተካክሎ ሲመልስለት ያው ጣት እዚያው ቦታ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ለአዋቂ ዓይን ያረጀ የሚመስለው ወፍራም ጠርዝ ለሕፃን መልካም ነገር ነው።

ጋላክሲ ታብ ኤ9 እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ባለ 8.7 ኢንች ታብሌት ሲሆን፣ ለአብዛኛው ቤተሰብ የምመክረው እርሱን ነው። ባለ 64 ጊጋባይቱ እንኳ ሚሞሪ ካርድ ስለሚቀበል ቦታ አነሰኝ አያሰኝም፤ ተራ የሄድፎን መሰኪያ አለው፤ የጉግል አፕሊኬሽን መደብር ስላለውም ወላጁ የለመደውን ማንኛውንም አፕሊኬሽን መጫን ይችላል። ሳምሰንግ ኪድስ የሚባለው የልጆች ክፍል ያለ የይለፍ ቁጥር ስለማያስወጣ፣ ሕፃኑ ወደ ወላጁ መልእክቶች ዘልቆ እንዳይገባ ያግዳል። ጉድለቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከቨር አብሮት ስለማይመጣ እጀታና መቆሚያ ያለው ወፍራም ከቨር ለብቻ መግዛት ግድ ይላል። ሁለተኛ፣ ጥራቱ 1340 በ800 ፒክስል (የምስል ነጥብ) የሆነው ስክሪን ከጎን የሚገባ የፀሐይ ብርሃን ሲያርፍበት ያንጸባርቃል፤ የመስኮቱን መጋረጃ ዝቅ ማድረግ ወይም የማያንጸባርቅ ስክሪን መከላከያ መለጠፍ ያስፈልጋል።

ፋየር ኤችዲ 8 ኪድስ ከጅምሩ ለልጅ ታስቦ የተሠራ በመሆኑ ገና ከካርቶኑ ሲወጣ ወፍራም ከቨሩን ለብሶ ነው የሚመጣው። ባትሪው አምራቹ እንደሚለው እስከ 13 ሰዓት ይቆያል፤ ሚሞሪ ካርድም ሄድፎንም ይቀበላል። ከሁሉ በላይ የሚማርከው የሁለት ዓመት ዋስትናው ነው፤ ልጁ ቢሰብረው እንኳ ኩባንያው ይለውጣል። ይህን የመሰለ ዋስትና ወላጁን ከጭንቀት ያሳርፈዋል፤ ታብሌቱ መሬት በነካ ቁጥር ልጅ ላይ ከመጮህም ያድናል። ሆኖም መሣሪያው በአማዞን አገልግሎቶች ዙሪያ የታነጸ ስለሆነ የጉግል አፕሊኬሽን መደብር የለውም፤ የልጆች ፊልምና ጨዋታ የያዘው ወርኃዊ አገልግሎትም በሁሉም አገር አይሰጥም። አገልግሎቱ በሚደርስበት አገር ለሚኖር ሰው ከሦስቱ ቀዳሚው ይህ ነው፤ በማይደርስበት ግን ዋናው ጥቅሙ ስለሚቀር አልመክረውም። ዋስትናውም ቢሆን የተሰበረውን መልሶ መላክ የሚቻልበት አገር ላይ ካልሆነ በተግባር አይሠራም።

አይፓድ ሚኒ በስክሪን ጥራቱና በፍጥነቱ ሁለቱን ይበልጣል፤ ለዚህ ሥራ ብሎ መግዛት ግን ተገቢ አይመስለኝም። የሄድፎን መሰኪያም የሚሞሪ ካርድ ቦታም የለውም፤ ጠርዙም ከላይ ላነሳሁት የአውራ ጣት ችግር የተጋለጠ ነው። እንዲህም ሆኖ ቤት ውስጥ አይፓድ ያለው ቤተሰብ ሌላ ታብሌት ፍለጋ መሄድ አይኖርበትም፤ ምክንያቱም ጋይድድ አክሰስ የሚባለው ማስተካከያ ለዚህ ችግር ሁነኛ መፍትሔ ይሰጣል። ከሴቲንግ ውስጥ አንድ ጊዜ ከተከፈተ በኋላ፣ ፊልሙ እየሄደ ሳለ የላይኛውን ቁልፍ ሦስት ጊዜ ተጭኖ ከሚመጡት አማራጮች ውስጥ የስክሪኑን የመነካት ስሜት ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ይቻላል። ሕፃኑ የፈለገውን ያህል ቢዳስሰው ፊልሙ አይቆምም።

የትኛውም ታብሌት ቢገዛ፣ ውስጡ የሚጫነው ነገር ከዕቃው ይበልጣል። ብዙ ወላጅ የሚቸገረውም እዚህ ላይ ነው። የፊልም አፕሊኬሽኖች ዳውንሎድ የተደረገውን ለዘላለም አያስቀምጡም፤ ለምሳሌ ኔትፍሊክስ ላይ አንዳንድ ፊልሞች መታየት ከጀመሩ ከ48 ሰዓት በኋላ ጊዜያቸው ያልፍና ለማደስ ኢንተርኔት ይጠይቃሉ። በመሄጃው የታየው ፊልም በመመለሻው ላይከፈት ይችላል ማለት ነው። ነፃ የልጆች ጨዋታዎች ደግሞ ማስታወቂያቸውን ለማምጣት ኔትወርክ ሲያጡ ባዶ ስክሪን ይዘው የሚቀሩበት ጊዜ አለ። መፍትሔው ከጉዞው በፊት ታብሌቱን ኔትወርኩን በሚያጠፋው ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጎ፣ እያንዳንዱን ፊልምና እያንዳንዱን ጨዋታ አንድ በአንድ ከፍቶ ማየት ነው። ከፊልሞቹ ግን መታየት ሲጀምር ጊዜው መቆጠር የሚጀምረውን አስቀድሞ ለይቶ ማወቅና እንዲህ ያለውን ብቻ ከጉዞው በፊት አለመክፈት ይሻላል።

ከሁሉ የምተማመነው በራስ ፋይሎች ነው። የቤተሰብ ቪዲዮዎችንና በሕጋዊ መንገድ የተገኙ የልጆች መዝሙሮችን ሚሞሪ ካርድ ላይ ገልብጦ ቪኤልሲ በሚባለው ነፃ ማጫወቻ ማየት ይቻላል፤ ፈቃድ የሚጠይቅ፣ ጊዜው የሚያልፍበት ወይም አካውንት አስገቡ የሚል ነገር የለም። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ አዲስ ነገር ከማየት ይልቅ የሚያውቀውን ደጋግሞ ማየት ይወዳል። ራሱ ሲስቅ፣ አያቱ ስሙን ስትጠራው፣ ታላቅ እህቱ ስትዘፍንለት የተቀዳው አጭር ቪዲዮ ከስንት ውድ ካርቱን የተሻለ ያቆየዋል። ስለዚህ ብዙ ፊልም ማጠራቀም አስፈላጊ አይደለም፤ ጥቂትና ልጁ የሚያውቃቸው ይበቃሉ። ጨዋታ ሲመረጥም ሲነኩት ድምፅ የሚያሰማ ወይም ቀለም የሚለውጥ ዓይነት ይሻላል፤ አንድን ነገር በጣት ይዞ እየጎተቱ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ለሁለት ዓመት ጣት ገና ከባድ ነው።

ሄድፎን በተመለከተ፣ ገመድ ያለውን እመርጣለሁ፤ ቻርጅ አይፈልግም፣ ከታብሌቱም ጋር ግንኙነቱ አይቋረጥም። መሰኪያው ወደ ጎን የታጠፈ ቢሆን ይመረጣል፤ ቀጥ ብሎ የሚወጣው ታብሌቱ በጎኑ ሲወድቅ ይጎብጣል፣ የታብሌቱንም ቀዳዳ ያላላል። አብዛኞቹ የልጆች ሄድፎኖች ድምፃቸው በ85 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) የተገደበ ነው ቢባልም፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለልጆች የሚመክረው መጠን በሳምንት ለ40 ሰዓት 75 ዴሲቤል ነው። የሞተሩ ጩኸት ድምፁን ከፍ ለማድረግ ስለሚገፋፋ፣ ጆሮን ሸፍኖ የውጭውን ድምፅ የሚቀንስ ሄድፎን ተገቢ ነው። አንዳንድ ሕፃን ጆሮው ላይ ምንም ነገር እንዲነካው አይፈልግም፤ ይህም ከበረራው ቀን በፊት ቤት ውስጥ መለመድ ያለበት ነገር ነው። ካልተለማመደ ድምፅ ሳይኖራቸውም ትርጉም የሚሰጡ ቪዲዮዎችን መያዝ ይበጃል።

ለባትሪው ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ወንበሩ ላይ ያለው የዩኤስቢ መሰኪያ ብዙ ጊዜ ኃይሉ ደካማ ስለሆነ ፓወር ባንክ መያዝ ጥሩ ነው፤ ፓወር ባንክ ግን ከሻንጣ ጋር አይጫንም፣ በእጅ ነው የሚያዘው። ያለ ልዩ ፈቃድ የሚፈቀደው እስከ 100 ዋት ሰዓት (ባትሪው የሚይዘው ኃይል መለኪያ) ነው፤ የተለመደው 20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ፓወር ባንክ ወደ 74 ዋት ሰዓት ስለሚሆን ችግር የለበትም። አንዳንድ አየር መንገዶች በበረራ ላይ መጠቀሙን ስለሚከለክሉ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ለ1 ዓመት ሕፃን ስክሪን ጨርሶ አይመክርም፤ ለ2 ዓመት ልጅ ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት ባይበልጥ ይላል። ረጅም በረራ ከተለመደው ቀን የተለየ መሆኑ ቢገባኝም፣ ታብሌቱን ገና ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ማውጣት ትክክል አይመስለኝም። መጀመሪያ መስኮቱ፣ ቀበቶው፣ የሚበላው፣ የሚለጠፉ ሥዕሎች ይቅደሙ፤ ታብሌቱ ልጁ ሁሉን ከሰለቸ በኋላ ቢወጣና በመሃል እየተዘጋ በጥቂት በጥቂቱ ቢታይ ልጁን የመሳብ ኃይሉ አይባክንም። አውሮፕላኑ መውረድ ሲጀምር ግን ሄድፎኑን አውልቆ የሚጠጣ ነገር መስጠት ያስፈልጋል፤ ጆሮው ውስጥ የሚሰማውን ግፊት የሚያቀልለት መዋጥ ስለሆነ፣ ልጁ በጣም የሚወደውን ቪዲዮ ለዚያ ሰዓት አስቀምጦ እያየ እንዲጠጣ ማድረግ ይቻላል።