ሄሪዝ፣ ካሻን ወይስ «ቡኻራ»? ከጨረታ አሮጌ ስጋጃ ለደሴ ሳሎን

ጀርመን የምትኖረው ታናሽ እህቴ ባለፈው ሳምንት የሦስት ስጋጃ ፎቶ ልካ «ወንድም ጋሼ፣ ለእማዬ ሳሎን የትኛውን ልጫረት?» አለችኝ። ሦስቱም በኢንተርኔት በሚካሄድ አንድ ጨረታ ላይ የቀረቡ ናቸው፤ አንዱ ሄሪዝ፣ አንዱ ካሻን፣ ሦስተኛው «ቡኻራ» የሚል ስም የተሰጠው የቱርክመን ሥራ። ኮምቦልቻ ሽመና ክፍል ውስጥ ዓመታት ስለሠራሁ ድርና ማግ አይቶ መፍረድ ብዙም አይከብደኝም። መልሴ ግን በስልክ የሚያልቅ አልሆነም። ዱባይ፣ ሪያድ ወይም ፍራንክፈርት ዘመድ ያለው የደሴ ቤት ብዙ ነውና ለሌላውም ይጠቅማል ብዬ ጻፍኩት።

የእማዬ ቤት ሸዋ በር አካባቢ ነው። ሳሎኑ አራት በአምስት ሜትር ያህል ሲሆን ሶፋው ግድግዳውን ተከትሎ ዞሯል። ቡና በቀን ሁለቴ እዚያው ይፈላል፤ ከሰሉ፣ እጣኑ፣ ፈንዲሻው፣ ሲኒ የሚደፋው የልጅ ልጅ ሁሉ እዚያው ነው። ትሰግድበታለች፤ ዱዓ ሲኖር ደግሞ ሃያ ሰው ይቀመጥበታል። ክረምት ሲገባ የጦሳ ተራራ ጭጋግ በራፍ ድረስ ይወርዳል፣ ወለሉም እርጥበት አያጣም። ሦስቱን ስጋጃዎች የመዘንኩት በዚህ ቤት ነው።

ሄሪዝና ካሻን ጎን ለጎን

ሄሪዝ በሰሜን ምዕራብ ኢራን፣ ከታብሪዝ በስተምሥራቅ ያለች ከተማ ናት፤ ስጋጃው የሚሠራው በዙሪያዋ ባሉ መንደሮች ነው። መሀሉ ላይ ትልቅ ባለ ማዕዘን ጌጥ አለ፤ መስመሩ ቀጥ ቀጥ ያለ፣ ቀለሙ የሸክላ ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ነው። ድሩ ጥጥ፣ ፀጉሩ (ድሩ ላይ እየተቋጠረ ላዩን የሚሸፍነው ክር) ወፍራም የበግ ሱፍ ነው። በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ከ5 እስከ 12 ቋጠሮ ቢኖረው ነው።

ካሻን የመካከለኛው ኢራን ከተማ ነው፣ ሥራውም የከተማ ሥራ ነው። አበባው ይጠማዘዛል፣ ሐረጉ ሐረግ ይወልዳል። ቋጠሮው በካሬ ሴንቲሜትር ከ20 እስከ 50 ይደርሳል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ከተሠሩት ምርጦቹ አንዳንዶቹ በማንችስተር በኩል በመጣ የሜሪኖ ሱፍ የተሠሩ ስለሆኑ ነጋዴው እስከ ዛሬ «ማንችስተር ካሻን» ይላቸዋል። እጅ ሲያርፍባቸው ቅቤ ናቸው።

ቋጠሮ የበዛበት ይበልጣል የሚል እምነት እኛም አገር ገብቷል። በእርግጥ የቋጠሮው ብዛት ስንት ወር እንደተደከመበት ይነግራል፤ ስንት ዓመት እንደሚቆይ ግን አይነግርም። እንዲያውም በሥራ ድካም ከተሰላ ካሻኑ የበለጠ ርካሽ ነው። ከ1940ዎቹና 50ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሆነ የከተማ ስጋጃ አውሮፓ ውስጥ የፈላጊው ቁጥር ቀንሷል፤ ባለ ማዕዘኑን ሄሪዝ ግን የቤት አስጌጦች ስለሚወዱት ዋጋው ጠንከር ይላል። እንግዳ መቀበያ ብቻ የሆነ፣ ቡና የማይፈላበት ክፍል ያለው ሰው ካሻን ቢገዛ አልፈርድበትም፤ እኔም እገዛ ነበር።

የእማዬ ቤት ግን ፍም የሚወድቅበት ቤት ነው። የበግ ሱፍ ፍም ሲያርፍበት ይጠቁራል እንጂ ቶሎ አይነድም፣ ራሱን ያጠፋል፤ እዚህ በየሱቁ የምናገኘው የፕላስቲክ ክር ምንጣፍ ቀልጦ ይጨማደዳል። ስለዚህ ሁለቱም ከሱቁ ይሻላሉ። ልዩነቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሄሪዝ ላይ አንድ ብር የምታህል ቃጠሎ በወፍራሙ ፀጉርና በቀጥተኛው መስመር መሀል ትጠፋለች፣ ማስጠገኑም ቀላል ነው። በክሬም መደብ ላይ ሐረግ የተሳለበት ካሻን ላይ ያችው ቃጠሎ ከበር ትታያለች፤ የቡናው እድፍም እንዲሁ።

«ቡኻራ»

ቡኻራ የኡዝቤኪስታን ከተማ ናት፣ ስጋጃው ግን የቱርክመን ጎሳዎች፣ በተለይ የቴኬዎች ሥራ ነው፤ የሚሸጠው እዚያ ገበያ ስለነበር ስሙን ወረሰ። ቡናችን በየመን ወደብ ስም «ሞካ» ተብሎ እንደቀረው ማለት ነው። ጥልቅ ቀይ መደብ ላይ «ጉል» የሚባለው ስምንት ማዕዘን ጌጥ በረድፍ ይደረደራል። ድሩም ማጉም ሱፍ ነው። እድፍ ይሸሽጋል፣ መጠኑም ብዙ ጊዜ አነስ ይላል። ለሳሎኑ ይጠባል እንጂ ለመስገጃና ለረከቦት ዙሪያ እንደሱ የሚሆን የለም። ብቻ «ቡኻራ» የሚለው ስም ፓኪስታን ውስጥ በቅርብ ዘመን በእጅ ለተሠራውም ይሰጣል፤ እሱ ሌላ ዕቃ ነው፣ ዋጋውም ሌላ ነው።

ካታሎጉ ላይ ሌሎች ቃላትም አሉ። «ሄሪዝ ንድፍ» ከተባለ ሄሪዝ አይደለም፤ ሕንድ ወይም ሌላ ቦታ ተሠርቶ ሊሆን ይችላል። «ሴራፒ» የሚባል ቦታ የለም፤ ነጋዴ ለቆየና ለተሻለ ሄሪዝ ያወጣው ስም ነው፣ ዋጋ ለማንሳትም ያገለግላል። «ሐር» ካለ የምር ሐር መሆኑን ጠይቁ፤ የተወለወለ ጥጥ በሐር ስም ይሄዳል። ለእኛ ቤት ሐር ጭራሽ አላስብም።

ዕድሜው

«አንቲክ» የሚባለው 100 ዓመት የሞላው ነው፤ ከዚያ በታች ሆኖ ጥቂት አሥርት ዓመታት ያስቆጠረው «ቪንቴጅ» ይባላል። አንዳንዱ ስጋጃ ላይ በሒጅራ ዓመቱ በዐረብኛ ቁጥር ተሸምኖ ይገኛል፤ ለወሎ ሰው ማንበቡ አይከብድም። 1320 ካለ እ.ኤ.አ. 1902 ወይም 1903 ነው። ነገር ግን ዐረብኛው ሦስት ከሁለት የሚለየው በአንዲት ጥርስ ነው፤ ጥቂት ቋጠሮ ነቅለው 1320ን 1220 ያደረጉ፣ በአንድ ማለዳ 100 ዓመት የጨመሩ አሉ። ቁጥሩን ሳይሆን ከቁጥሩ ጎን ያሉትን ቋጠሮዎች ተመልከቱ፤ የተነካ ቦታ ፀጉሩ ይለያል።

ዓመት ሳይዋሽ የጻፈም አለ። ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ያለው የአርደቢል ስጋጃ 946 ሒጅራ ይላል፤ እ.ኤ.አ. 1539 ወይም 40፣ እኛ ዘንድ ኢማም አህመድ ግራኝ በሕይወት የነበሩበት ዘመን። ሙዚየሙ እ.ኤ.አ. በ1893 በ2,000 ፓውንድ ገዛው። መንትያ ነበረው፤ አንደኛውን ለመጠገን ሁለተኛውን ቆርጠው ተጠቅመዋል፣ የተረፈው ዛሬ ሎስ አንጀለስ ነው። ይህን የማነሳው ጥገና ነውር እንዳልሆነ ለመናገር ነው። የሚያስፈራው ያልተነገረ ጥገና ነው።

ከኋላ የተነሳ ፎቶ

ከጨረታ ቤቱ የሁኔታ መግለጫና ከኋላ የተነሳ ፎቶ ሳይመጣ ዋጋ አትስጡ። ብል የበላው፣ የተለጠፈው፣ ተቆርጦ ያጠረው ሁሉ የሚታየው በጀርባው ነው። በእጅ የተቋጠረ ከሆነ ጌጡ ከኋላም እንደ ፊቱ ይነበባል፤ ዘርፉም የድሩ ጫፍ ስለሆነ ከራሱ ይወጣል። ዘርፉ በስፌት የተቀጠለ ከሆነ ወይ የፋብሪካ ነው ወይ ጫፉ ተበልቶ ተጠግኗል።

ጨረታ ቤቱ ድረስ የሚሄድ ሰው ካለ ሦስት ነገር ያድርግ። ጥግ ላይ በቀስታ ይጠፈው፤ «ጣ፣ ጣ» የሚል ድምፅ ከሰማ ድሩ በእርጥበት በስብሷል፣ ይተወው። ነጭ እርጥብ ጨርቅ ቀዩ ላይ ያሻሽ፤ ጨርቁ ከቀላ ቀለሙ ይለቃል ወይም ያረጀው ቦታ ከላይ ተቀብቷል። በመጨረሻም ፀጉሩን ገለጥ አድርጎ ሥሩን ይይ። እ.ኤ.አ. ከ1856 በኋላ፣ እንግሊዛዊው ኬሚስት ፐርኪን የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ ቀለም ካገኘ ወዲህ፣ ርካሽ ቀለም ምሥራቅ ድረስ ገብቷል፤ ከእነዚያ ቀለሞች አንዳንዶቹ ላዩን ግራጫ ሆነው ከሥር በኩል ደማቅ ሮዝ ይቀራሉ። በአንጻሩ አንዱ ሰማያዊ ከሌላው በመስመር ፈዘዝ ደመቅ ቢል እንከን እንዳይመስላችሁ። «አብራሽ» ይባላል፤ ሠሪው በሌላ ጊዜ የነከረው ክር ነው፣ ብዙ ገዢ ይወደዋል።

የብል ነገር ለደሴ ልዩ ነው። የእናቶቻችን ባና በየጊዜው ፀሐይ የሚሰጠው ለምን ሆነና? ሶፋ ሥር ተኝቶ የማይነሳ ስጋጃ በአንድ ክረምት ይበላል። ኮምቦልቻ ሞቃት ብትሆንም ከዚህ ሥራ አታድንም።

ገንዘቡና ኪሎው

መዶሻው 1,000 ዩሮ ላይ ቢወድቅ የሚከፈለው 1,000 አይደለም። የገዢ ኮሚሽን ብዙ ቦታ 25 በመቶ ገደማ ነው፤ ግብርና ማጓጓዣው ከዚያ በላይ ይመጣል፣ ቦሌ ሲደርስ ደግሞ ጉምሩክ አለ። ጣሪያውን ከመጨረሻው ድምር ወደ ኋላ ቆጥራችሁ ወስኑ።

ከዚያ ክብደቱ። የሱፍ ስጋጃ በካሬ ሜትር ሦስት አራት ኪሎ ይመዝናል። ሦስት በአራት የሆነ ሄሪዝ ከ40 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል፤ 23 ኪሎ የተፈቀደለት ሻንጣ ውስጥ አይገባም፣ በካርጎ ይመጣል። ቡኻራው ተጠቅልሎ ከእህቴ ጋር ይመጣል። ይህ ብቻ ምርጫውን ሊገለብጥ ይችላል።

እህቴ ስለ አንድ የኢራኗ ኬርማን ስጋጃ ሰምታ ልቧ ተነስቷል፤ አውግስበርግ ላይ 900 ዩሮ ተገምቶ 19,700 የወጣው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ለንደን ክሪስቲስ ጨረታ ቤት ከ6 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የተሸጠው። እውነት ነው፣ ሆኗል። ለእማዬ ሳሎን ግን እንዲህ ብላ አትጫረት አልኳት። ለመሸጥ የሚገዛ ሌላ ዓይን፣ ሌላ ኪስ ይፈልጋል።

የሄሪዙ የጀርባ ፎቶ ትናንት መጣ። አንድ ጥግ ላይ መዳፍ የምታህል ጥገና አለች፤ ድሩ ደህና ነው፣ ዘርፉም የራሱ ነው። ኮሚሽኑን ጨምሮ 900 ዩሮ ጣሪያ ቆርጠናል፤ ካለፈ ወደ ቡኻራው እንሄዳለን። ለእማዬ ገና አልነገርናትም። «አብሽሩ፣ ምንጣፍ አለኝ» ማለቷ አይቀርም።